ለአለቃ የማይቀርብ ጉዳይ

ኢንስፔክተር የሻረግ ከቦንጋ ስትደርስ አስከሬኑ ከጉድጓዱ ወጥቶ ሸራ ላይ ተጋድሞ ነበር። ቦታው ከሺሺንዳ ወጣ ብሎ በእንሰት የተከበበ ቀይ መሬት ነው። ሟቹ ተክለጻድቅ ይባላል፤ ለገጠር ቀበሌዎች የውሃ ጉድጓድ በሚያስቆፍር የመንግሥት ፕሮግራም ውስጥ ባለሙያ ነበር።

«ገመዱ ከእጄ አመለጠኝ» አለ ልዑልቃል፣ የሟቹ ባልደረባና የልጅነት ጓደኛ። መዳፎቹን ዘርግቶ አሳያት። ገመድ የላጠው ቆዳ ቀልቷል። «ቀስ እያልኩ እያወረድኩት ነበር። አዳለጠኝና ወደቀ።»

እንባው ይወርዳል፤ ዓይኑን ግን ከመሬት አላነሣም።

የሻረግ ከአስከሬኑ አጠገብ ተንበረከከች። ራሱን፣ አንገቱን፣ ጎኑን ዳሰሰች። የተሰበረ አጥንት ቀርቶ ጭረት እንኳ አላገኘችም። ሱሪው እስከ ጉልበቱ ርሶ ግራጫ ጭቃ ይዟል፤ ሸሚዙ ግን ደረቅ ነው። በብብቱ ሥር ገመድ አጥብቆ የያዘው ምልክት አለ። የጣቶቹን ጫፍ አንድ በአንድ አየች። የሞተ ሰው ጥፍር ይገረጣል፤ የእሱ ግን እንደ ጤነኛ ሰው ጥፍር ቀልቶ ነበር።

ተነሥታ መስታወት አስመጣች፤ የፀሐዩን ብርሃን ወደ ጉድጓዱ መለሰችው። ከታች ጥቂት ውሃ ያብለጨልጫል። ከውሃው በላይ ያለው ድንጋይ ግን ከሰው ቁመት ከፍ እስከሚል ድረስ ገና እርጥብ ነው። ከዚያም በላይ ባለው ደረቅ ድንጋይ ላይ ጥቁር ነገር ተለጥፏል።

የፕሮግራሙ ኃላፊ ኢንጂነር ወርቅአፈራሁ ከመኪናው አጠገብ ብቻውን ቆሟል። ወደ እሱ ሄደች።

«ከሟቹ ጋር ተጣልታችኋል ይባላል።»

«ጠብ አይባልም፤ የስብሰባ ክርክር ነው።» ክራቫቱን አላላ። «ዘመኑ የሥራ ሂደት ለውጥ ነው፤ ያውቁታል። ሁሉም ነገር ለእኔ እየቀረበ ሥራ ይቆማል ተብለን ተገመገምን። ስለዚህ የትኛው ውሳኔ ለበላይ እንደሚቀርብ፣ የትኛው በባለሙያ እንደሚያልቅ መስፈርት እያወጣን ነበር። እኔ ትልልቁ ግንባታ ለእኔ ይቅረብ፣ የዕለት ሥራው ለባለሙያ ይተው አልኩ። ተክለጻድቅ ግን አልስማማም አለ። ‹መስፈርቱ የሥራው ትልቅነት አይሁን። ቢሳሳት ሰው የሚሞትበት ውሳኔ፣ የቱንም ያህል ትንሽ ቢሆን ሁለተኛ ሰው ይየው› አለ።»

«እርስዎስ ምን አሉት?»

ኢንጂነሩ ዓይኑን ወደ ሸራው መለሰ።

«ሳቅኩበት። ‹ስለ ባልዲና ስለ ገመድም እኔው ልወስን?› አልኩት። እኔ ስስቅ ቤቱ ሁሉ ሳቀ። እሱም ‹እንግዲያው ጉድጓዱ ድረስ እንሂድና ላሳይዎ› አለኝ። ዛሬ የመጣነው ለዚያ ነው።»

«ምን ሊያሳይዎ?»

«የዕለት ሥራ የምንለው ትንሽ ውሳኔ እታች ሰው እንዴት እንደሚገድል። አምና ቢታ ገነት አካባቢ አንድ ቆፋሪ ሞቶብን ነበር። ውሃ ለማድረቅ ሞተር ጉድጓድ ውስጥ አወረዱ፤ ጭሱ ገደለው።»

«ሞተሩ እንዲወርድ የወሰነው ማን ነበር?»

«አንድ ባለሙያ» አለና ፊቱን ወደ መንገዱ አዞረ።

«ዛሬ ተክለጻድቅ ሊወርድ ሲል እዚህ ነበሩ?»

«ነበርኩ። ልዑልቃል ‹ዛሬ ይቅርብህ› አለው። ‹ለምን?› ሲለው ዝም አለ። እኔም ‹በሉ ቶሎ በሉ፣ ሌላ ቀበሌ አለብን› ብዬ ወደ መኪናው ተመለስኩ።»

ከእንሰቱ ሥር አንድ የውሃ መሳቢያ ሞተር ቆሟል። ባለቤቱ ነስሩ የሺሺንዳ ነጋዴ ነው፤ ሞተሩን ለፕሮግራሙ ያከራያል። የሻረግ ስትቀርብ ብድግ አለ።

«ጋሽ ነስሩ፣ ሞተሩ ዛሬ ሠርቷል?»

«ኧረ አልተነሣም፣ እትዬ። አምጥቼ እዚህ አስቀመጥኩት፤ ሌላ ነገር አልነካሁም። ለዙህር ሶላት ሺሺንዳ ሄጄ ስመለስ ጩኸት ሰማሁ።»

ሞተሩን ዞር ብላ አየችው። ላዩ በጨርቅ ተወልውሏል። እግሮቹ ሥር የተጣበቀው ጭቃ ግን እንደ መሬቱ ቀይ አይደለም፤ ግራጫ ነው። በእጇ ነካ አደረገችውና «እስቲ ውሃ ያፍስሱልኝ፣ ልታጠብ» አለችው። ነስሩ ጆጉን በጣቶቹ ጫፍ ብቻ አነሣው። መዳፉን ሊያስነካው አልደፈረም።

የሻረግ እጇን አድርቃ ሦስቱንም ጉድጓዱ ዳር ሰበሰበቻቸው።

«አቶ ልዑልቃል፣ ጓደኛዎ ወደቀ ብለውኛል። አልወደቀም። የወደቀ ሰው ይሰበራል፤ እዚያ ውሃ ውስጥ የወደቀ ሰው ደግሞ ሸሚዙ ይርሳል። እሱ የራሰው እስከ ጉልበቱ ብቻ ነው። ገመዱ እስከ መጨረሻው ይዞታል። እርስዎ አልለቀቁትም።»

ልዑልቃል የተላጡ መዳፎቹን ጨበጠ።

«እንግዲህ ምን ገደለው? ጥፍሩ ቀልቷል። ከሰል በተያያዘበት ዝግ ቤት ተኝተው ያደሩ ሰዎች አስከሬን ላይ ይህን አይቻለሁ። ጭስ ነው። የጉድጓዱ ድንጋይ ላይም ጥላሸት አለ።» ወደ ኃላፊው ዞረች። «ኢንጂነር፣ ውሃው በቅርቡ ጎድሏል፤ ድንጋዩ ገና አልደረቀም። በባልዲ ቢቀዳ ቀኑን ሙሉ ይፈጃል። ይህ ሞተር እዚህ ላይ ቆሞ ከዚያ ጥልቀት ውሃ መሳብ ይችላል?»

ወርቅአፈራሁ አፉን ከፈተ። መልሱን ሳይናገረው በፊት ሁሉም ነገር ገባው።

«አይችልም» አለ በቀስታ። «ወደ ውስጥ ካልወረደ አይስብም።»

«ወርዷል። እግሩ ላይ ያለው ግራጫ ጭቃ የጉድጓዱ ጭቃ ነው። ይህን የሚያህል ብረት ደግሞ አንድ ሰው ብቻውን አያወርደውም። የአቶ ልዑልቃል መዳፍ ሰው ሲያወርድ ተላጠ እንበል። የጋሽ ነስሩ መዳፍ በምን ተላጠ?»

ነስሩ እጆቹን ሊሸሽግ ሞከረና ተወው። «ወላሂ፣ ሰው ይሞታል ብዬ አላሰብኩም። ጠዋት አብረን አወረድነው፣ አብረን አወጣነው። ይነግራቸዋል ብዬ ነው የሄድኩት። ስመለስ ደግሞ... ፈራሁ።»

ሁሉም ልዑልቃልን ተመለከቱ።

«ጉድጓዱ ደርቆ፣ ጸድቶ እንዲያዩት ፈልጌ ነበር» አለ ልዑልቃል። ድምፁ እምብዛም አይሰማም። «ባልዲው አይደርስልኝም። ማንንም አልጠየቅሁም፤ የሚጠየቅ ጉዳይ አልነበረም። የመኪናችሁን ድምፅ ስሰማ ሞተሩን አወጣን፤ የጉድጓዱን አፍ በቆርቆሮ ከደንኩት።»

«ለምን ከደኑት?»

«ጭሱ እንዳይታይ።»

«የቢታ ገነቱንም የወሰኑት እርስዎ ነበሩ።»

ልዑልቃል ራሱን በአዎንታ ነቀነቀ። «ተክሌ ያውቃል። የዚያን ቀን ታቅፎኝ ነው ያለቀስኩት። ዳግመኛ አይለምደኝም ብዬ ማልኩለት። ስብሰባው ላይ ስሜን እንኳ አላነሣም፤ ‹አንድ ባለሙያ› እያለ ነበር የሚናገረው። ዛሬ ሊወርድ ገመዱን ሲታጠቅ ‹ጭስ አለበት› ማለት ብቻ ነበር። አለቃዬ ቆሟል። ተክሌ ደግሞ ፊቴን ያያል። አፈርኩ። እስከዚያ ጭሱ ወጥቶ ያልቃል ብዬ ለራሴ ነገርኩት። ከዚያ ገመዱን ብስበው አልመለሰልኝም።»

«አምና ስምህ እንዳይወጣ ያደረግሁት እኔ ነኝ» አለ ወርቅአፈራሁ። ይህን ሲል ልዑልቃልን አላየውም። «የፕሮግራሙ ስም እንዳይጠፋ ብዬ ‹አደጋ ነው› አልኩ። በዚያው ተዘጋ። ማንም ሥራውን እንዴት እንደሚሠራ የጠየቀ የለም። ቢጠይቁኝም ይኼ ለእኔ የሚቀርብ አይደለም እል ነበር።»

የሻረግ አላጽናናውም። «ቃልዎን ጣቢያ ይሰጣሉ» አለችው። «እርስዎም፣ ጋሽ ነስሩ።»

ልዑልቃልን ይዛ ወደ መኪናው ስትሄድ ቆም አለ።

«አንድ ነገር ልለምንዎት። ሚስቱ ወደቀ ነው የተባለችው። ከሰው አፍ ሳትሰማ እኔ ልንገራት።»

የሻረግ ጥቂት አሰበችና ፈቀደች።

ቦንጋ ሲደርሱ የተክለጻድቅ ግቢ በለቅሶኛ ተሞልቶ ነበር። ልዑልቃል ከመኪናው ወርዶ በሩ ላይ ቆመ። መርዶውን የሰሙ ጎረቤቶች መንገድ ለቀቁለት፤ አንዱ ትከሻውን ደገፈው፤ ሌላው «አይዞህ» አለው። እያንዳንዱ ደግ ቃል አንገቱን ይበልጥ ያስደፋው ነበር።

የተክለጻድቅ ሚስት ስታየው ከሴቶቹ እጅ አምልጣ መጥታ አንገቱ ላይ ተጠመጠመች።

«ልዑሌ! አንተ ነበርክ አጠገቡ፤ እንኳን አንተ ነበርክ። ተሠቃየብኝ? ምን አለህ? ንገረኝ!»

«ወርጄ ላሳያቸው አለኝ» አለ ልዑልቃል።

«እሺ፣ ከዚያስ?»

ለቅሶው ረገብ ብሎ ነበር፤ ሰው ሁሉ ሊሰማ ጆሮውን ሰጥቷል። የሻረግ ልትረዳው አልሞከረችም።

«ጉድጓዱ ውስጥ ጭስ እንዳለ አውቅ ነበር» አላት። «አውቅ ነበር፤ አልነገርኩትም።»

እጆቿ አሁንም አንገቱ ላይ ነበሩ። ወዲያው አልወረዱም። ያለውን ነገር ቀስ በቀስ እየተረዳችው ስትሄድ፣ በመጀመሪያ አንዱ፣ ቆይቶም ሌላው ለቀቀው።