ደሴ ኮምፒውተሩን ያስቀየረ ዕለት

ኢንስፔክተር እንቁ ወደ ጥልፍ ቤቱ ስትገባ አስከሬኑ ገና አልተነሣም። የቤቱ ጌታ ደሴ ከጥልፍ ማሽኑ ሥር በግንባሩ ተደፍቷል። ቀኝ እጁ ልጣጩ የተገፈፈ ሽቦ ጨብጧል። ማሽኑ ላይ ጥልፉ ገና ያላለቀ የሙሽራ ቀሚስ ተወጥሯል።

«ኤሌክትሪክ ነው የጨረሰው» አለ ሳጅን ነጋ። «ሲጠልፍ ሽቦው ያዘው። ብሬከሩም ወርዷል።»

እንቁ በርከክ ብላ የሟቹን ማጅራት አየች። ፀጉሩ በደም ተጣብቋል።

«በግንባሩ የወደቀን ሰው ማጅራቱን ምን መታው?»

መልስ ሳትጠብቅ ወደ መደርደሪያው ዞረች። እዚያ ያለው ዕቃ ሁሉ አቧራ ለብሷል፤ የከሰሉ ካውያ ብቻ ታጥቦ ያበራል። በሩ አልተሰበረም። ደሴ አምሽቶ ሲሠራ ከውስጥ ይቀረቅራል፤ የሚከፍተው ለሚያውቀው ሰው ብቻ ነበር።

የሥራ ሸሪኩ መሳፍንት ጋቢውን ተከናንቦ ከቀርከሃው አጥር ሥር ቆሟል።

«ትናንት ከማለዳ ጀምሮ ዳንግላ ነበርኩ» አላት። «አመሻሹ ላይ ከሚኒባስ ወርጄ በዚህ ሳልፍ ማሽኑ ሲንኳኳ ሰማሁ። ሥራ ላይ ነው ብዬ አልረበሽኩትም፤ በቀጥታ ቤቴ ገባሁ።»

«የተጣላው ሰው አለ?»

«ኮምፒውተር ጠጋኙን አሳምነውን ይጠይቁት። ማሽኑን የሚያዘውን ኮምፒውተር አሮጌ ዊንዶው ካልቀየርን እያለ ዓመት ሙሉ ሲነዘንዘው ነበር። ደሴ ደግሞ የጥልፉ ፕሮግራም በአዲሱ አይሠራም ብሎ፣ እምቢ እንዳለ ሞተ።»

አሳምነውን ከሱቁ አገኘችው።

«ቀይሬለታለሁ» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ትናንት ከሰዓት ራሱ ጠራኝ። አዲሱን ጫንልኝ፣ በይለፍ ቃል ቆልፍልኝ አለኝ። ድሮም እንደፈራው የጥልፉ ፕሮግራም አልነሣም አለ። ማሽኑ ቀጥ አለ። ነገ መጥቼ አሮጌውን ከአዲሱ ጎን እጭንልሃለሁ፣ ሲያሻህ አንዱን ትመርጣለህ ብዬው ወጣሁ።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልክ?»

«ሽቦ ገደለው ሲባል በኔ ይመጣል ብዬ ፈራሁ፣ ኢንስፔክተር።»

እንቁ ፍርሃቱን አመነችው፤ ቃሉን ግን ሌላ ሰው እስኪመሰክርለት በይደር ያዘችው። የደሴ ሚስት እታለማሁ ከለቅሶው መሀል ተነሥታ ወደ ጓዳ አስገባቻት።

«አይቀየር ያልኩት እኔ ነበርኩ» አለች ዐይኗን እየጠረገች። «የሙሽራዋ ሠርግ ደርሶብናል። ማሽኑ ሲቆም በአሳምነው ፊት ጮህኩበት። ቀሚሱን ከማሽኑ ፈትቼ፣ በእጅ ልንጨርሰው አጥፌ አስቀመጥኩና ወጣሁ። ሳንታረቅ ቀረን።»

«ፈትተውት ነበር?»

«በእጄ።»

እንቁ ቀሚሱ ጠዋት የት እንደነበር ታውቃለች።

«እትዬ እታለማሁ፣ ዓመት ሙሉ እምቢ ያለ ሰው ልቡ ባንድ ቀን ለምን ተቀየረ?»

«ጥሊሊ ገበያ እሱ የሣለውን ጥልፍ በማያውቃት ሴት ቀሚስ ላይ አየ። ዳንግላ ነው ያስጠለፍኩት አለችው። ሥራችንን በፍላሽ እየገለበጠ የሚሸጥብን ሰው አለ፣ ልቆልፈው አለ።»

ከሰዓት በኋላ እንቁ ሦስቱንም ጥልፍ ቤቱ ሰበሰበቻቸው። ብሬከሩን አስነሥታ ኮምፒውተሩን አስከፈተች። መሳፍንት ፊት ለፊት የማያውቀው ስክሪን ወጣና የይለፍ ቃል ጠየቀ። ፊቱ አመድ መሰለ።

«ክፈተው እስቲ» አለችው። «አትችልም። ትናንት ነው የተቀየረው። ከዚያ ወዲህ ይህ ማሽን አንድ ክር አልጠለፈም።»

ወደ ተወጠረው ቀሚስ ዞረች።

«ገዳዩ ደሴን በካውያ ከኋላ መታው። ሥራ ላይ ሳለ ኤሌክትሪክ የገደለው ለማስመሰል የታጠፈውን ቀሚስ መልሶ ወጠረ፣ ሽቦ አስጨበጠው፣ ብሬከሩን አወረደ። ማሽኑ መቆሙን የሚያውቅ ሰው ግን ይህን ሁሉ አይደክምም። አሳምነው ያውቃል፤ የቀየረው እሱ ነው። እትዬ እታለማሁም ያውቃሉ፤ ቀሚሱን የፈቱት እሳቸው ናቸው። ያላወቀው ዳንግላ የዋለው ብቻ ነው።»

«ሌላ ማሽን ሰምቼ ይሆናል...»

«በዚህ ሰፈር ሌላ ማሽን የለም። ደሴ እምቢ እንዳለ ሞተ ያልከኝም አንተው ነህ።»

መሳፍንት በርጩማው ላይ ዘፍ አለ።

«አመሻሹ ላይ ና ብሎ ደወለልኝ። ጥልፋችን ዳንግላ እየተሸጠ ነው ሲለኝ ያወቀብኝ መሰለኝ» አለ። «በሩን ልዝጋ ብሎ ፊቱን ሲያዞር...» አልጨረሰውም።

እታለማሁ ቀስ ብላ ተጠጋችው።

«አንተን መች ጠረጠረህ?» አለችው። «ና ብሎ የደወለልህ እኮ ሊያማክርህ ነው። ሌባውን የምንይዝበትን መላ መሳፍንት አያጣውም ብሎኝ ነበር።»

ነጋ ካቴናውን አወጣ። መሳፍንት ሁለት እጁን ዘረጋለት፤ ቀና ብሎ እታለማሁን ማየት ግን አልቻለም።