ኮምፒውተሩ ቡሬ የዋለ ለት

እኔ እንዲህ ያለ ወሬ ሲጀመር ተነሥቼ የምሄድ ሴት ነኝ፣ ጎረቤቶቼን ጠይቁ፣ አንዷ በጓሮዋ ጥላ አየሁ ብትለኝ «ያሰጣሽውን ልብስ ረስተሽው ይሆናል» ብዬ በሰው ፊት አሳፍሬያታለሁ፣ አሁን ግን በገዛ ቤቴ፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ፣ በእነዚህ ጆሮዎቼ የሰማሁትን ምን ብዬ ልጥራው?

የልጄ ልጅ ምትኬ ፍኖተ ሰላም እኔ ዘንድ ነው የምትኖረው። ኮምፒውተር ተምራለች፣ እኔ አራተኛ ክፍል ላይ ያቆምሁ ነኝና ሥራዋን አብጠርጥሬ አላውቀውም፣ ብቻ አዲስ አበባ የኮምፒውተር ፕሮግራም የሚሠራ አንድ ድርጅት አለ፣ አንዷ ሠራተኛው ወልዳ ፈቃድ ስትወጣ ሰው ጎደለው፣ ጉድለቱን እንድትሞላ የኔን ልጅ በኮንትራት ቀጠራት፣ እሷም ከጓዳዋ ሳትወጣ በኢንተርኔት ትሠራለች።

መጀመሪያ ደስ ብሎኝ ነበር፣ ነገሩ ሲገባኝ ግን ደሜ ፈላ። ከቋሚዎቹ እኩል ትሠራለች፣ እንዲያውም እነሱ ያበላሹትን የምታቃና እሷ ናት፣ እነሱ ቢታመሙ ፈቃድ አላቸው፣ እሷ ብትታመም ቦታዋ ለሌላ ሰው ይሰጣል። እኛ ገጠር ለአረም ሰው ሲጎድለን እንቀጥራለን፣ ግን የተቀጠረው ከቤተሰቡ ጋር ባንድ ማዕድ ነው የሚበላ። ቋሚ አድርጉኝ በያቸው እያልሁ ስነዘንዛት አንድ ቀን ሳቀችብኝና «እምዬ፣ ምትኬ ብለው ስም ያወጡልኝ እርስዎ፣ አሁን ደግሞ ምትክ አትሁኚ የሚሉኝም እርስዎ» አለችኝ። እውነቷን ነው። ከእሷ በፊት እናቷ ሌላ ሴት ልጅ ወልዳ ነበር፣ አፏን እንኳ ሳትፈታ ሞተችብን፣ ይቺ ስትወለድ ነው እግዜር ተካልን ብዬ ምትኬ ያልኋት።

አንድ ሐሙስ ከሰዓት በኮንትራት የተቀጠሩት ሁሉ በካሜራ ቀርበው ሥራቸውን ሊያሳዩ ሆነ፣ አለቆቹ አይተው አንዱን ቋሚ ያደርጋሉ፣ ያልቀረበ ግን ተሰናበተ ማለት ነው። እንግዲህ ጉድ እዩ፣ የዚያን ለት ጧት ኮምፒውተሯ አልነሣ አለ። አብራት የተማረች ልጅ ቡሬ ላይ መጠገኛ ቤት አላት፣ ምትኬ ኮምፒውተሩን ዝናብ እንዳይነካው በጋቢዬ ተጠቅልሎላት፣ ከስብሰባው በፊት እመለሳለሁ ብላ በመጀመሪያው መኪና ሄደች። በጋቢዬ የጠቀለልሁላት እኔው ነኝ፣ ይቺን ልብ በሉልኝ።

ከሰዓት በኋላ ሳሎን ተቀምጬ በርበሬ እቀነጥሳለሁ፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ቆይቶ ጋብ ሲል ከጓዳዋ ጠቅ ጠቅ የሚል ሰማሁ። ጣራው አፈሰሰ ብዬ ባሊ ልፈልግ ተነሣሁ፣ ግን ቆም ብዬ ሳዳምጠው ይሮጣል፣ ያርፋል፣ ደግሞ ይሮጣል፣ ጠብታ መች ቆም ብሎ ያስባል? ቀጥሎ ጉሮሮዋን ጠረግ አደረገች፣ ከዚያ ያንን ግማሽ እንግሊዝኛ የሆነ የሥራ ንግግሯን ጀመረች። እመኑኝ፣ አልፈራሁም፣ ደስ ነው ያለኝ፣ ዝናቡ ሲጮህ በጓሮ በር ገብታ ነው፣ ደረሰችልኝ አልሁ። በሩን ገፋ ሳላደርግ፣ ሥራዋን እንዳልረብሽ ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ ደረቅ ልብስ ለብሳ እንደሆነ ጠየቅኋት።

«እኔን ዝናብ አይነካኝም፣ እምዬ» አለችኝ።

የእሷ ድምፅ ነው። ወደ በርበሬዬ ተመልሼ ስቀመጥ ስልኬ ጮኸ፣ የምትደውለው ምትኬ ናት። ከጓዳ ሆና ምን አስደወላት ብዬ ሳነሣው ታለቅሳለች። ማንኩሳ ላይ ጎርፍ መንገዱን ይዞባቸው መኪናው ቆሟል፣ ቡሬ ደግሞ ጧት ጀምሮ ኔትወርክ ጠፍቶ ለአለቆቿ መናገር አልቻለችም፣ ኮምፒውተሩ ተሠርቶ ጭኗ ላይ ነው፣ ስብሰባው ግን እያለቀ ነው። «አለቀልኝ፣ እምዬ፣ ሌላ ሰው ይተኩብኛል» ትላለች፣ ይህን ስትለኝ ጓዳ ያለችው ከት ብላ ሳቀች፣ አመሰግናለሁ፣ ደኅና ዋሉ ብላ ተሰናበተች። ባንዱ ጆሮዬ የምታለቅስ፣ በሌላው የምትስቅ፣ ሁለቱም የኔ ልጅ።

በሩን ከፈትሁት። ማንም የለም። ጓዳው ሌላ መውጫ የለው፣ መስኮቱም ከውስጥ ተቀርቅሯል፣ አልጋው እንደተነጠፈ ነው፣ ጠረጴዛው ባዶ ነው። ወንበሩ ብቻ፣ ሰው ሲነሣ እንደሚገፋው፣ ወደ ኋላ ተገፍቷል።

ሲመሽ በጭቃ ተለውሳ ገባች፣ እኔም ምንም አልተነፈስሁ፣ ምን ብዬ? በማግሥቱ አለቃዋ ደወለ፣ እንኳን ደስ አለሽ፣ ቋሚ ሆነሻል አላት። ልጅቱ ዓይኗ ፈጠጠ፣ ስልኩን እኔም እንድሰማ ድምፁን ከፍ አደረገችው። እኔ ያልሠሩበትን ውሰጂ የምል ሴት አይደለሁምና፣ ሐቁን ንገሪው ብዬ በእጄ ጎሸም አደረግኋት፣ እሷም ትላንት እንዳልተገኘች ነገረችው። ሰውዬው ሳቀ።

«ካሜራሽ ክፍት ነበርኮ፣ ሁላችንም አይተንሻል። ደግሞ ያልሽው አይረሳም፣ እኔ የማንም ምትክ አይደለሁም፣ ፊተኛዋ እኔ ነኝ አላልሽም? እኛም ያን ጊዜ ነው የወሰንነው።»

ስልኩ ሲዘጋ የሰማሁትን ሁሉ ነገርኋት። እሷም በዚህ ዘመን የሰው መልክና ድምፅ የሚቀዳ ፕሮግራም አለ፣ አንድ ሰው ቀልዶብኝ ይሆናል አለች። ይሁን፣ ግን ያ ፕሮግራም ከአዲስ አበባ ሆኖ በኔ ጓዳ በር እምዬ ይለኛል? ያቺ ፊተኛዪቱ ናት እንዳልል ደግሞ አንድ ቃል ሳትናገር የሞተች ሕፃን ድምፅ በምን ይታወቃል? አላውቅም፣ ዛሬም አላውቅም።

«እና ልፈርም?» አለችኝ። የለፋች እሷ ናት፣ ቦታውን ያስገኘች ግን ሌላ ናት፣ ሌላዪቱ ማን እንደሆነች ሳላውቅ እንዴት ልፍረድ? በሰፈሩ ሁሉ ጠብ ፍርድ የምሰጥ ሴት ይህን አንዱን ለእሷ ተውሁት። ፈረመች፣ ሥራዋንም ቀጠለች፣ በሩን ከፍተሽ ሥሪ ብዬ ለመንኋት፣ እሺ አለችኝ።

ትላንት ከገበያ ስመለስ የጓዳው በር ዝግ ነው፣ ውስጥ ጠቅ ጠቅ ይላል፣ ይሮጣል፣ ያርፋል። በልተሽ እንደሆነ ልላት አፌን ከፈትሁና፣ የምትመልስልኝ የትኛዋ ትሆን ብዬ መልሼ ዘጋሁት። እንዲያው ከነዘንቢሌ ቆሜ፣ ወንበሩ እስኪገፋ ጠበቅሁ።