የጠረጴዛው የመጨረሻ ቅብ

አናጺው በቅብ ክፍሉ ወለል ላይ በጀርባው ተዘርሯል። ከአናቱ ሁለት ክንድ ርቆ አንድ የቆርቆሮ በርሜል ቆሟል፤ ውስጡ የነበረው ጨርቅና ሰጋቱራ ሲጨስ አድሮ አመድ ሆኗል። ጣሪያው፣ ግድግዳው፣ በክፍሉ መሀል የተጋደመው ረጅም ጠረጴዛ፣ ሁሉም ጥላሸት ለብሰዋል።

ኢንስፔክተሯ ስትደርስ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ሆኗል። ሃምሳ አለቃው መዝገቡን በብብቱ ይዞ በር ላይ ጠበቃት፤ ሥራውን የጨረሰ ሰው ፊት ነበረው።

«አለቃ፣ ይሄ እንኳን ለእርስዎ የሚሆን አይደለም» አላት። «ቸልተኝነት ነው። ቀቢው ዘይት የጠጣ ጨርቅ በርሜል ውስጥ ጠቅጥቆ ሄደ። የተልባ ዘይት ደግሞ ጨርቁ ሲከመር ራሱን በራሱ ያግላል፣ ማንም ክብሪት ሳይጭርበት ይያያዛል። ሰውዬው ጭሱን አይቶ ገባ፣ ታፈነ፣ ሲወድቅ ማጅራቱ ጥጉ ላይ ያለው የሥራ ጠረጴዛ ብረት ላይ አረፈ። ቀቢውን ይዘነዋል። ከሰዓት በኋላ አቃቤ ሕግ ዘንድ አደርሰዋለሁ።»

«ስለ ዘይቱ ማን ነገረህ?»

«ታናሽ ወንድሙ። ሬሳውን ጠዋት ያገኘውም እሱ ነው።»

ሬሳው አጠገብ የተንበረከከው ሐኪም ተነሣ። ሰውዬው የሞተው ማታ፣ ፀሐይ ከገባች ብዙም ሳይቆይ መሆኑን፣ አፍንጫውና ጉሮሮው ውስጥ ጥላሸት መኖሩን፣ ጭሱን በደንብ መተንፈሱን ነገራትና ጓንቱን አወለቀ። የማጅራቱ ቁስል ብቻውን ይገድል እንደሆነ ስትጠይቀው፣ «አይመስለኝም» ብሎ ሄደ።

ኢንስፔክተሯ ደፉን ልትሻገር ስትል መቃኑ ላይ በቀይ ቀለም የተጻፈ አየች፦ «ሹራብ ለባሽ አይገባም።» ከጽሑፉ ሥር አንድ ሚስማር ተመትቷል።

«የሟቹ ሕግ ነው» አለ ሃምሳ አለቃው። «ሚሊሜትር ነበር የሚሉት። እርጥብ ቅብ ላይ አቧራና ክር እንዳያርፍ ብሎ በሩን ጉምሩክ አድርጎት ነበር አሉ። የገዛ ሚስቱን መልሷታል።»

እሷ ሹራቧን አውልቃ ሚስማሩ ላይ ሰቀለች። ሃምሳ አለቃው ሣቁን ዋጠ።

ጠረጴዛው ላይ ጣቷን ስባ አሳለፈች። ጥላሸቱ ከመስተዋት ላይ እንደሚጠረግ አቧራ ተጠረገ፤ ከሥሩ ማር የመሰለ ብርሃን ወጣ። በበሩ በኩል ባለው ጠርዝ ላይ ስትደርስ ግን የሆነ ነገር ጣቷን ቆረቆራት። ጎንበስ ብላ አየች። አምስት ስድስት ግራጫ የሱፍ ክሮች ቅቡ ውስጥ ሰጥመዋል። በጥፍሯ ብትፍቅ አልነቀል አሉ። ይሄ ምን ማለት እንደሆነ አላወቀችም፤ አለማወቋ አናደዳት። ስለ ሽጉጥ፣ ስለ መርዝ፣ ስለ ሐሰተኛ ፊርማ ቢጠይቋት ትመልሳለች። ስለ እንጨት ቅብ የምታውቀው ውድ መሆኑን ብቻ ነበር።

በጓሮ በኩል ወጣች። ከግድግዳ ግድግዳ ሽቦ ተወጥሯል፤ የልብስ መቆንጠጫዎች በባዶው ተንጠልጥለውበታል። ከአንዱ መቆንጠጫ ጥርስ ሥር የተቀደደ የጨርቅ ጥግ ቀርቷል። አሸተተችው። የተልባ ዘይት ይሸታል፤ ሲነኩት ግን እንደ ካርቶን ደርቋል።

ወንድምየው የእንጨት መጫኛ መኪናው ደረጃ ላይ ተቀምጦ ነበር። ሃምሳ ዓመት ያለፈው፣ ትከሻው ሰፊ፣ ግራጫ ሹራብ የለበሰ ሰው ነው።

«ነፍሱን ይማረውና ወንድሜ እልኸኛ ነበር» አላት። «ያቺ ዳይሬክተር ደግሞ አሳበደችው። ለትምህርት ቤቷ ቤተ መጻሕፍት ነው ጠረጴዛው። አንድ ቀን ሰም፣ አንድ ቀን ዘይት፣ አንድ ቀን ቫርኒሽ። ሰው ሚስት ሲመርጥ እንኳ እንዲህ አይሆንም። በመጨረሻ ዘይት ተባለ፤ ይኸው ዘይቱ በላው።»

«መጨረሻ ያዩት መቼ ነው?»

«ትናንት ስድስት ሰዓት ላይ። ጣውላ አራግፌ ሄድኩ።»

«ቅብ ክፍሉ ገብተው ነበር?»

ሳቅ ያልሆነ ሳቅ ሳቀ። «እኔ? ሃያ ሁለት ዓመት እንጨት አመላልሼለታለሁ፤ ያንን ደፍ ግን አላስረገጠኝም። ብሩሽ ያዝ ብሎኝ አያውቅም። ለእሱ እኔ አቧራ ነበርኩ። ዛሬ ጠዋት ነው የገባሁት፤ እሱም ሞቶ።»

ቀቢውን በፖሊስ ጣቢያው አግዳሚ ላይ እጆቹን ጉልበቶቹ መሀል ቀብሮ አገኘችው። የጥፍሮቹ ዙሪያ ቡናማ ነው።

«ጨርቆቼን ሽቦ ላይ ዘርግቻለሁ» አላት። «ከትናንት ወዲያ ለናሙና አንዲት ቁራጭ ጣውላ ዘይት ቀባሁ፣ ከዚያ ዘረጋኋቸው። ሁሌም ነው የምዘረጋው። ጋሼ ሚሊ ለአንድ ክምር ጨርቅ ሰው ከሥራ ያባርራል።»

«እርግጠኛ ነህ?»

«ጠዋት ሲይዙኝ እርግጠኛ ነበርኩ። አሁን ሁሉም ሰው አንተ ነህ ሲለኝ፣ ረስቼ ይሆናል እላለሁ። እህቴ፣ ሰው የራሱን እጅ ሊረሳ ይችላል እንዴ?»

ይሄ ጥያቄ ከሁሉ በላይ አንገበገባት። መዝገቡን ዘግቶ ለማስረከብ የቸኮለ ሃምሳ አለቃ አለ፤ የራሱን ጥፋት ለማመን የቀረበ ሰው አለ፤ እሷ ግን ያላት አንድ ጭብጥ የማይሞላ ክር ነው።

«ትናንት ጠረጴዛው ላይ ምን ቀባህ?»

«ምንም።»

«ምንም ማለት?»

«ነጭ ነው እኮ። ባዶ እንጨት። በብርጭቆ ወረቀት አለስልሼ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ወጣሁ። ዳይሬክተሯ እስክትወስን እየጠበቅን ነበር።»

ኢንስፔክተሯ ጠዋት ከጣቷ ሥር ሲያበራ ያየችው ጠረጴዛ ትዝ አላት። ከዚያ ወንበሯን ሳበችና ተቀመጠች። «እስቲ እንደ ተማሪ አስተምረኝ» አለችው። «ዘይት ለመድረቅ ምን ያህል ጊዜ ይፈጃል?»

«ቢያንስ ሁለት ሦስት ቀን። ቫርኒሽ አንድ ሌሊት፣ አንዳንዴም አድሮ ይጣበቃል። ሰም አያበራም፣ ውሃ ካረፈበትም ያዝናል። ለማንበቢያ ጠረጴዛ ዘይት ይሻላል ብዬ ነበር፤ ቢጫር እንኳ ጠግነህ ትቀባዋለህ።»

«አንድ ሰው ለነገ ጠዋት ደርቆ፣ አብርቶ ልየው ቢልስ?»

«ያኔማ ምርጫ የለም። ጎማላካ ነው። እንደ ቅርፊት የደረቀ ሙጫ ነው፤ ስባሪውን በስፒሪት ያሟሙታል፤ ስፒሪቱ ሲተን በሃያ ደቂቃ ውስጥ እጅ አይዝም። ግን ማን ይላል እንዲህ ያለ ነገር?»

ዳይሬክተሯ ነበረች ያለችው። ቢሮዋ ውስጥ ግራጫ ሻሏን እስከ አገጯ ስባ ለሁለት ጥያቄ ያህል ካደች፤ በሦስተኛው ተሸነፈች።

«አሥር ሰዓት ላይ ደወልኩለት» አለች። «እንግዶች በማግስቱ ሊመጡ ነበር። የሚያበራ ይሁን፣ ጠዋትም ይድረስ አልኩት። ከዚያ ‹እመቤቴ፣ ለእርስዎ እንጨት ሳይሆን ልጥፍ ወረቀት ነበር የሚሻልዎት› ብሎ ዘጋው።»

«ይህን ለምን ለፖሊስ አልተናገሩም?»

«በእኔ ማማረጥ ሰው አምሽቶ ሞተ እንዲባል አልፈለግሁም።»

«ወደ ሥራ ቤቱ ሄደው ነበር?»

«ኧረ እግሬም አልደረሰ።»

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሁሉንም ቅብ ክፍሉ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ሃምሳ አለቃው በር ላይ ቆሞ ሰዓቱን ያያል፤ ቀቢው ከግድግዳው ተጠግቷል፤ ዳይሬክተሯና ወንድምየው ጠረጴዛውን ከፊታቸው አድርገው ቆመዋል። ቀቢውን አፉን እንዳይከፍት አስቀድማ አስጠንቅቃዋለች።

«አንድ ነገር ብቻ አስቸግሮኛል» አለች ኢንስፔክተሯ፣ ጠርዙን እያሳየች። «እዚህ ቅቡ ውስጥ የሱፍ ክር ተጣብቋል። ግራጫ ነው። ሟቹ ሱፍ ለብሶ እዚህ አይገባም፤ ቀቢውም ቱታ ነው የሚለብሰው።»

ዳይሬክተሯ ሻሏን ጨበጠች። ወንድምየው ግን እጁን አነሣ።

«የእኔ ነው» አለ። «ሴትዮዋን አታስጨንቋት። ጠዋት ወንድሜን ሳየው ጠረጴዛው ላይ በክንዴ ተደገፍኩ። ዘይቱ ገና ይጣበቅ ነበር። የትናንት ዘይት በአንድ ሌሊት አይደርቅም፣ ይህን ቀቢውም ያውቃል።»

ቀቢው እስካሁን ከግድግዳው አልተላቀቀም ነበር። ኢንስፔክተሯ ጠራችው። ጥጥ በስፒሪት ነክሮ ሰጣት፤ እሷ መልሳ ሰጠችው። «አንተ አድርገው። በማይታይ በኩል።»

ከጠርዙ ሥር ጎንበስ ብሎ አንድ ጊዜ አሸ። ቅቡ ለሰለሰ፣ ጥጡ እንደ ሻይ ቀላ። ቀቢው ቀና ሲል ዓይኖቹ ተለውጠው ነበር።

«ጎማላካ ነው» አለ። «ዘይት ጠብታ እንኳ የለበትም። ይሄ የጋሼ ሚሊ እጅ ነው፤ እኔ እንዲህ ቀጭን አድርጌ መሳብ አልችልም።»

«ስለዚህ ትናንት እዚህ ክፍል ውስጥ ማንም ዘይት አልያዘም» አለች ኢንስፔክተሯ። «ሽቦው ላይ የነበሩት ጨርቆች ከትናንት ወዲያ ያገለገሉ ናቸው፤ ተዘርግተው ደርቀዋል። የደረቀ ጨርቅ ራሱን አያግልም። አንድ ሰው በችኮላ ነጥቋቸዋል፣ ጥጉ እስኪቀደድ። በርሜል ውስጥ ሰጋቱራ ጨምሮ ክብሪት ጭሯል። ዘይት የተቀባ መስሎት ዘይቱን ወነጀለ።»

ሃምሳ አለቃው መዝገቡን ከብብቱ አወጣ።

«የቀረው ክሩ ነው። ይሄ ቅብ በሃያ ደቂቃ ይደርቃል። ክሩ የሰጠመው ገና እርጥብ እያለ ነው፤ ማለትም ብሩሹ ከተነሣ በደቂቃዎች ውስጥ፣ ትናንት አመሻሽ ላይ። ጠዋት ቢደገፉበት ኖሮ በክንድዎ የሚነኩት ጥላሸቱን ነበር። ጥላሸቱ ግን ከክሩ በላይ ነበር፣ ምንም ሳይጣበቅም ተጠረገ። ጭሱ ሲመጣ ቅቡ ደርቆ ነበር። ጎማላካ ቀብቶ የሚያውቅ ሰው ይህን ያውቃል። ብሩሽ ይዘው የማያውቁት እርስዎ ግን አላወቁም።»

ወንድምየው ጠረጴዛውን እያየ ቀረ።

«አንዴ እንዲያስቀባኝ ልጠይቀው ነበር የመጣሁት» አለ በመጨረሻ። «ጨርሶት አገኘሁ። ሲያበራ አይቼ ጎንበስ አልኩ፣ ተደገፍኩበት። ክንዴን ይዞ ወረወረኝ። ‹አቧራህን ይዘህ ውጣ› አለኝ። በሃምሳ ሦስት ዓመቴ። ገፋሁት። ብረቱ ላይ ሲወድቅ ድምፁን ሰማሁት፤ አልተነሣም። የሞተ መሰለኝ።»

«ክሩ ከሰጠመ ጀምሮ ጭሱ እስኪመጣ ቢያንስ ሃያ ደቂቃ አለ» አለች ኢንስፔክተሯ። ድምፅዋ ቀኑን ሙሉ እንዳልነበረው ዝቅ ብሎ ነበር። «ቅቡ እስኪደርቅ። ያን ሁሉ ጊዜ ምን ሲያደርጉ ነበር?»

«አጠገቡ ተቀምጬ። ምን እንደማደርግ ሳስብ።»

«ሐኪም ቤቱ ከመንገዱ ማዶ ነው።»

ወንድምየው የሹራቡን እጅጌ ወደ ታች ሳበ።

«ጭሱን ተንፍሶታል። ሲወድቅ አልሞተም ነበር።»

ወንድምየው ቀስ ብሎ ቀና አለ።

«ትንፋሹን አልሰማሁም» አላት።

«ጎንበስ ብለው አዳምጠው ነበር?»

ቀቢው ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ሃምሳ አለቃው መዝገቡን ገልጦ የቀቢውን ስም በአንድ መስመር ሰረዘው።