ባለ ሁለት ጥርሱ ፌንጣ

ጥቅምት ዐሥር ቀን ማለዳ እንጨት ሊለቅሙ የወጡ ሴቶች ገብረአብን ከሸንተረሩ ገደል ሥር በደረቱ ተደፍቶ አገኙት። የራስ ቅሉ ከኋላ በኩል ተሰንጥቋል። ጋቢው ከትከሻው አልወረደም፤ መታጠቂያው ውስጥ የሻጣት የሸምበቆ ቁራጭ እንኳ አልተሰበረችም። ገደሉ ከአንኮበር ወደ ደብረ ብርሃን በሚያወጣው መንገድ ዳር ሲሆን ከአፋፉ ላይ የታመነ የገብስ ማሳ ይጀምራል። ታመነና ገብረአብ በድንበር ተጣልተው በመስከረም ዱላ መማዘዛቸውን የማያውቅ የሸንተረር ሰው የለም። ሬሳው ገና ሳይነሳ ሰው ሁሉ ወደ ታመነ ቤት ማየት ጀመረ።

ዘመኑ ሺህ ስምንት መቶ ሰባ ስምንት ነው። የአገሩ ሹም ባላምባራስ ዘርአ ዳዊት በቀብሩ ማግስት አውጫጭ አዘዙ። ወንድ ሴት ሳይባል የሸንተረሩ ሰው በአንድ ሜዳ ላይ ተሰበሰበ፤ ዙሪያው በእሾህ ታጠረ፤ ገዳዩ እስኪወጣ ማንም ወደ ቤቱ እንዳይመለስ ባለ ጦሮች ቆሙ። የሚያውቀው ነገር ኖሮ በግልጽ መናገር የፈራ ሰው ነገሩን ለሚያጣሩት ሽማግሌዎች ጠጋ ብሎ «ወፍ ነገረችኝ» ማለት ይችላል። የትኛዋ ወፍ ናት ብሎ የሚጠይቀው የለም።

በሁለት ቀን ውስጥ የተናገረችው አንዲት ወፍ ብቻ ናት። ገብረአብ በሞተበት ቀን፣ ጥቅምት ዘጠኝ፣ ከሰዓት በኋላ፣ በጉም ውስጥ አንዲት የተጫነች በቅሎ ሽቅብ ስትወጣ ታይታለች አለች። በዚያ መንገድ የተጫነ በቅሎ መች ጠፍቶ ያውቃል ተባለና ተተወ።

የታመነ ታላቅ እህት ንጋቷ አጥሩ ሥር ብቻዋን ተቀምጣለች። ማንም አጠገቧ አይቀመጥም። ከእሾኹ ማዶ የገዛ ቤቷ ጣራ ይታያታል፤ መቶ እርምጃ አይሞላም፣ ግን ባሕር ማዶ ያለ ያህል ነው። ወንድሟ ከሜዳው መሃል ነው። ቀኝ እጁ ከሟቹ ወንድም ከወልደአረጋይ ግራ እጅ ጋር በአንድ ሰንሰለት ተቆራኝቷል። ሁለቱ ጠላቶች አብረው ይበላሉ፣ አብረው ይተኛሉ፤ አንዱ ሲያስል የሌላው ክንድ ይነቃነቃል። ባላምባራስ ትናንት ማታ «እስከ ነገ ቀትር ሌላ ሰው ካልተገኘ ታመነን ለደመኞቹ እሰጣለሁ» ብለዋል። ወልደአረጋይ ጦሩን ለማን እንዳስቀመጠ አልደበቀም።

ንጋቷ ባሏ የሞተባት የቄስ ልጅ ናት፤ ፊደል የቆጠረችው ከአባቷ ነው። ሙሴ ኤድሞን የሚባል ፈረንጅ ፌንጣ ሊሰበስብ አንኮበር ከመጣ ጀምሮ ሦስት ዓመት አብራው ሠርታለች። ሰውየው የሚፈልገው ቀንዱ ከገላው የሚረዝመውን ፌንጣ ነው። ገብረአብ ይዞ በሸምበቆ ቁራጭ ውስጥ ያስገባል፤ አስተርጓሚው ወልደተንሣኤ የተያዘበትን ቦታና ቀን፣ ቁጥሩንም በትንሽ ወረቀት ይጽፋል፤ ንጋቷ እያየች በየዓይነቱ ትለይና በመርፌ ሳጥን ውስጥ ትተክላለች። ሰው በሥራዋ ይስቅ ነበር። እሷም መጀመሪያ ሁሉም አንድ መስለዋት ነበር። እየዋለ ሲያድር ግን በሸንተረሩ ጓሳ ውስጥ የሚኖረውና ከአንኮበር በታች ባለው የጥድ ጫካ የሚኖረው መንታ ወንድማማች እንደሆኑ ገባት። ቁመታቸው አንድ፣ ክንፋቸው አንድ ነው፤ ነገር ግን አንዱ ከሌላው ጋር አይዛመድም።

ንጋቷ ተነሥታ ወደ ወንድሟ ሄደች።

«እታለም፣ ተመለሺ። ሰው ያይሻል» አለ ታመነ።

«ይየኝ። ያን ቀን የት ዋልክ?»

«ቤቴ። ከስድስት ሰዓት ጀምሮ ጉሙ እጄን እንኳ አላሳየኝም። ማን አየኝ ልበል?»

ወልደአረጋይ ሰንሰለቱን ጎተተ። «ገፍቶታል! ወንድሜ ይኼን ገደል ዓይኑን ጨፍኖ ያውቀዋል።»

«ሬሳውን ያነሣኸው አንተ ነህ» አለችው ንጋቷ። «የወደቀበት ድንጋይ ላይ ደም ነበር?»

«አልነበረም» አለ ቀስ ብሎ። «ዝናብ አጥቦት ይሆናል።»

«ያን ቀን ጉም እንጂ ዝናብ ነበር?»

ወልደአረጋይ የጎተተውን ሰንሰለት አላላ። ታመነ እህቱን አያት፤ ከሦስት ቀን ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብሎ ተቀመጠ።

የሟቹ ሚስት እናናየሁ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ከሴቶቹ መሃል ነበረች። ንጋቷ ፊት ለፊቷ ቁጢጥ ስትል ፊቷን አዞረች።

«እናናየሁ፣ አንድ ነገር ብቻ ንገሪኝ። ጠዋት ሲወጣ ምን ለብሶ ነበር?»

«ጋቢውን።»

«ባናውስ?»

«ትቶት ሄደ። ይበርድሃል ብለው አይበርደኝም አለኝ።» ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበች። «ምን ያደርግልሻል? ወንድምሽን አያስፈታልሽ!»

ንጋቷ ተነሣች። ገብረአብ ጓሳው ውስጥ ፌንጣ ሲጠብቅ የሚውለው ወፍራሙን የሱፍ ባናውን ደርቦ ነው። በጋቢ ብቻ የሚሄደው ወደ ሙቀቱ፣ ወደ ጫካው ሲወርድ ነው።

ወልደተንሣኤን ያገኘችው ከአጥሩ በር ላይ ነው። እሱ የፈረንጅ ሰው ስለሆነ እንደ ልቡ ይገባል፣ ይወጣል። ነጭ እጀ ጠባቡ ላይ አንድ እድፍ የለም።

«አዝናለሁ፣ ንጋቷ» አለ። «ታመነ እንዲህ ያደርጋል አላልኩም ነበር።»

«ገብረአብን መጨረሻ ያየኸው መቼ ነው?»

«በዘጠኝ ቀን ጠዋት፣ ሙሴ ግቢ። እኔ በቅሎዬ ላይ ወጥቼ የሙሴን ደብዳቤ ይዤ ደብረ ብርሃን ሄድኩ፤ የተመለስኩት በማግስቱ ነው። እሱ ወደ ሸንተረሩ እሄዳለሁ ብሎ ነበር። ሸምበቆው ውስጥ የተገኘውን ፌንጣ ባላምባራስ አሳይተውኛል፤ የሸንተረሩ ነው።»

«በምን አወቅኸው?»

«አፈርማ ነዋ! የጫካው አረንጓዴ፣ የሸንተረሩ አፈርማ። ሦስት ዓመት ስትለዪ የኖርሽው አንቺ አይደለሽም እንዴ?»

ንጋቷ አንገቷን ነቀነቀችና ወደ ባላምባራስ ድንኳን አመራች። ሳጥኖቹን ለሦስት ዓመት ሲሸከም የኖረ ሰው አንድም ቀን ውስጣቸውን በቅጡ እንዳላየ አሁን ገባት።

ባላምባራስ ዘርአ ዳዊት ሽበታም፣ ንግግር የማያበዙ ሰው ናቸው። ሙሴ ኤድሞን ከጎናቸው በርጩማ ላይ ተቀምጧል።

«ጌታዬ፣ ሟቹ ላይ የተገኘችውን ሸምበቆ እንዲያሳዩኝ እለምናለሁ።»

«ሰው ሞቶ፣ ወንድምሽ ታስሮ፣ አንቺ ፌንጣ ታያለሽ?»

«ወንድሜ እንዲፈታ የማየው ሌላ ነገር የለኝም፣ ጌታዬ።»

ሸምበቆዋን ሰጧት። የተወተፈበትን ሣር ስታወጣው ፌንጣው ውስጡ በሕይወት አለ፤ በብርድ ደንዝዞ እግሩን እንኳ አያንቀሳቅስም። የሙሴን ማጉያ መስተዋት ተውሳ ወደ ጭራው አስጠጋችው። ለረዥም ጊዜ አየች። ከዚያም ሸምበቆዋ ላይ የታሰረችውን ወረቀት ፈትታ አነበበች፤ ደግማም አነበበች።

«ጌታዬ፣ ሰውን ሁሉ ይሰብስቡልኝ» አለች። «ወፍ ሳትሆን ፌንጣ ነገረችኝ።»

ቀትር ሲቀርብ ሰው ሁሉ ተሰበሰበ። ሰማዩ ጠርቶ ፀሐይዋ ከርራለች። ባላምባራስ ወንበራቸው ላይ ተቀመጡ፤ ወልደተንሣኤ ሊያስተረጉም ከሙሴ ጎን ቆመ። ንጋቷ ፌንጣውን ቀዳዳ ባለው ቅርጫት ሥር አድርጋ ፀሐይ ላይ አኑራዋለች።

«ገብረአብ ከዚህ ገደል አልወደቀም» ብላ ጀመረች። ሰው ተንጫጫ፤ ባላምባራስ እጃቸውን አነሡ። «ራሱ የተሰነጠቀ ሰው ወድቆበት ድንጋዩ ደም አልነካውም። ይኼን ሬሳውን ያነሣው ወልደአረጋይ ይመስክር። ደግሞም ያን ቀን ባናውን ጥሎ በጋቢ ወጥቷል፤ ይኼን እናናየሁ ትመስክር። የሄደው ወደ ታች፣ ወደ ጫካው ነው። የሞተውም እዚያ ነው።»

«ሸምበቆው ውስጥ ያለው የሸንተረር ፌንጣ ነው እየተባለ?» አሉ ባላምባራስ።

«አፈርማ ስለሆነ ነው የተባለው። መልክ ግን ያታልላል፣ ጌታዬ። ከአንዲት እናት አፈርማም አረንጓዴም ይወለዳል። እኛ የምናየው የወንዱን ጭራ ነው። ጫፉ ላይ ሁለት ትናንሽ መንጠቆዎች አሉ። የሸንተረሩ መንጠቆ አንድ ጥርስ አለው፤ የጫካው ሁለት። ይኼ ባለ ሁለት ነው።»

ፌንጣውን ከቅርጫቱ ሥር አውጥታ ማጉያውን ሰጠቻቸው። ባላምባራስ አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው አዩ። «እኔ የማየው ቁርጥራጭ ሥጋ ነው» አሉ። «ሴትዮ፣ በፌንጣ ጥርስ ሰው አልፈታም።»

ንጋቷ ፌንጣውን ወደ ቅርጫቱ ሥር መለሰችው። ባለ ጦሮቹን አየች፤ እሾኹን አየች። ያኔ ከቅርጫቱ ሥር ድምፅ ተሰማ። የሞቀው ፌንጣ ክንፉን ማፋጨት ጀመረ፤ ሦስት ጊዜ አጭር አጭር፣ ዝም፤ ደግሞ ሦስት ጊዜ።

ከሰው መሃል አንድ ሽማግሌ ጆሮውን ቀሰረ። «ይኼማ የኛ አይደለም» አለ። «የኛ ሳይቋረጥ ነው የሚያንሾካሹከው። ይኼ ጥድ ልንቆርጥ ስንወርድ የምንሰማው ነው።»

«እውነት ነው! የታች ነው!» አሉ ሴቶቹ። ወልደአረጋይ ራሱ «የታች ነው» አለ፤ ሲለውም የታመነን ፊት አላየም።

ባላምባራስ ማጉያውን አስቀመጡት። «ቀጥዪ።»

«ገዳዩ ሬሳውን በበቅሎ ጭኖ በጉም ውስጥ ወደዚህ አመጣው። በቅሎዋን ያየች ወፍ ነበረች። ከወንድሜ ማሳ ሥር የጣለውም ጠባቸውን ሰው ሁሉ ስለሚያውቅ ነው። ፌንጣውን ያልጣለው አፈርማ ስለሆነ ሰው የሸንተረር ይመስለዋል፣ ይመሰክርልኛል ብሎ ነው።» ወረቀቷን አወጣች። «ሸምበቆዋ ላይ ይኼ ታስሯል። ‹ሸንተረር፤ ጥቅምት ፱፤ ፩ ወንድ› ይላል። ወልደተንሣኤ፣ ጽሕፈቱ የማን ነው?»

ወልደተንሣኤ ፈገግ አለ። «የኔ ነዋ። ገብረአብ መጻፍ መች ይችላል? ጠዋት ወደ ሸንተረር እሄዳለሁ ሲለኝ ጽፌ ሰጠሁት። ሐሳቡን ለውጦ ጫካ ከወረደ እኔ ምን ላድርግ?»

«ከዚያ በኋላ አላየኸውም?»

«አላየሁትም አልኩሽ። በሥላሴ!»

«እንግዲያው ገብረአብ ገና ከቤት ሳይርቅ፣ የሚይዘው ፌንጣ አንድ መሆኑን፣ ያውም ወንድ መሆኑን ማን ነገረህ?»

ፈገግታው ፊቱ ላይ እንዳለ ደረቀ። ንጋቷ ወደ ፈረንጁ ዞረች። «ሙሴ፣ ቁጥሩ የሚጻፈው መቼ ነው?»

ሙሴ ኤድሞን የተባለውን ራሱ ተረድቶ ነበር። ፊቱ አመድ መስሏል። «ይያዛል» አለ በተሰባበረ አማርኛ። «ይታያል። ከዚያ ይጻፋል።»

«ገምቼ...» አለ ወልደተንሣኤ።

«ደብዳቤው ደብረ ብርሃን ደርሷል ወይ ብዬ ሰው እልካለሁ» አሉ ባላምባራስ። «እስኪመለስ አንተም እዚህ አጥር ውስጥ ነህ።»

ወልደተንሣኤ አጥሩን ዞር ብሎ አየ፤ በሩን ባለ ጦሮቹ ዘግተውታል። ያኔ መሬት ላይ ተቀመጠ።

«ሙሴ ከሸንተረሩ አርባ ወንድ ፌንጣ ካልሞላሁ አገሬ አልመለስም አለ» አለ ወደ መሬት እያየ። «ሲመለስ ሊወስደኝ ቃል ገብቶልኛል። በዚህ ብርድ ውስጥ በሳምንት አንድ አይገኝም። ታች ግን አፈርማው ሞልቷል። ከዚያ እየያዝኩ ሸንተረር ብዬ ጻፍኩ። ማን ያውቃል ብዬ...»

«እኔ አወቅሁ» አለች ንጋቷ። ድምፅዋ ዝቅ አለ። «በመስከረም የሸንተረር በተባለው ሳጥን ውስጥ ባለ ሁለት ጥርስ አገኘሁ። ለሙሴ መናገር ፈርቼ ለገብረአብ ብቻ ነገርኩት። ራሴ ወርጄ አያለሁ አለኝ። የላክሁት እኔ ነኝ።»

ባላምባራስ ምልክት ሰጡ፤ ባለ ጦሩ ሰንሰለቱን ከታመነ እጅ ፈትቶ ወደ ወልደተንሣኤ እጅ አዞረው። ወልደአረጋይ አዲሱን ቁራኛውን አፍጥጦ አየው። የእሾኹ በር ተከፈተ። ሰዉ ግን እንደተጠበቀው አልሮጠም፤ እናናየሁ ተነሥታ ነበርና።

ወደ ወልደተንሣኤ ሄዳ ፊቱ ቆመች።

«ስትመታው ምን እያለህ ነበር?»

ወልደተንሣኤ ቀና ብሎ አላያትም። «ጫካው ውስጥ ፌንጣ ስይዝ አገኘኝ፤ አልተቆጣኝም። ‹ይኸው አፈርማ ከጫካ፤ ለሙሴ ራስህ ብትነግረው ይሻላል› አለኝ። ከዚያ ሸምበቆዋን እንድይዝለት ሰጠኝና የምትወተፍበትን ሣር ሊነጭላት ጎንበስ አለ። ‹ቀስ ብለህ ያዘው፣ ቀንዱ እንዳይሰበር› ነበር ያለኝ።»

እናናየሁ ዞር ብላ ንጋቷን ክንዷን ያዘቻት፤ ይቅር ልትላት ይሁን እንዳትወድቅ ልትደገፋት አልታወቀም። ሁለቱ ሴቶች ተያይዘው በተከፈተው በር ወጡ።