የማሊንዲው ጉዞ ነሪ ላይ ቀረ

መምህር ፍሥሐ ነሪ ወንዝ ዳር፣ አሸዋው ላይ በጀርባው ተንጋሎ ነበር። ለባሕር ብሎ ያሰፋው ሰማያዊ ቁምጣ የተመረቀው በሞቱ ቀን ሆነ። ኢንስፔክተር ጥሩብርሃን ቅዳሜ ረፋድ ላይ ስትደርስ አስከሬኑ አጠገብ ተንበርክኮ ያገኘችው የስፖርት አስተማሪውን ጅሩን ነው። ከራስ ጸጉሩ እስከ ጫማው ርሷል።

«እኔ ነኝ የገደልኩት» አላት፣ ምንም ሳትጠይቀው።

«በምን ገደልከው?»

«በመዘግየት።»

ጥሩብርሃን በሃያ ሁለት ዓመት የፖሊስ ሥራዋ ብዙ ዓይነት መሣሪያ አይታለች፤ እንዲህ ያለ ግን አልገጠማትም። ፊቱን አየችው። ሰውየው አልቀለደም።

ስፍራው አሸዋ የሚጭኑ ሰዎች እየቆፈሩ ያጎደጎዱት ኩሬ ነው። ከላይ ሲያዩት የተኛ ውኃ ይመስላል፤ ሁለት እርምጃ ከገቡ ግን እግር መሬት አያገኝም። ዳር ላይ አንድ የአይሱዙ ከመነዳሪ፣ ያ ጎማ ውስጥ ገብቶ የሚነፋው ጥቁር ላስቲክ፣ ተንፍሶ ወድቋል። ጥሩብርሃን አገላብጣ አየችው። አልተቀደደም። የንፋስ መግቢያው ክዳን ጥብቅ ብሏል። ክዳኑን ፈትታ ውስጡን በጣቷ ዳሰሰችና ጣቷን በፀሐዩ አየች፤ ቀጭን፣ ንጹሕ ዘይት። ከዚያ ላስቲኩን በማዳበሪያ ከረጢት አስገብታ፣ የከተማው ሰው ሳይሰበሰብ በቀጥታ ወደ ጣቢያ ላከችው።

ነገሩ የተጀመረው በካርታ ነበር። ፍሥሐ ጂኦግራፊ አስተማሪ ነው። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ስለ ሞገድና ስለ ባሕር ዳርቻ ሲያስተምር ባሕር በዓይኑ አይቶ አያውቅም። ተማሪዎቹ «ቲቸር፣ ባሕር እውነት ጨው ጨው ይላል?» ሲሉት «መጽሐፉ እንደዚያ ይላል» እያለ አሥራ አንድ ዓመት አለፈ። ዘንድሮ ግን ቆረጠ። ለክረምት እረፍት እጮኛውን ሊድያን፣ ጓደኛውን ጅሩንና የዲመካ መስመር የሚኒባስ ሾፌሩን መኮንንን ይዞ በሞያሌ በኩል ወደ ኬንያ ሊወርድ አቀደ። ሞምባሳ፣ ኪሊፊ፣ ዋታሙ፣ ማሊንዲ። ከፋሲካ ወዲህ ከሥራ ሲወጡ አራቱም ፍሥሐ በተከራየበት በእማማ አስቻለች በረንዳ ላይ ይሰበሰባሉ፤ ግድግዳው ላይ በተለጠፈው ካርታ ፊት የሚበላውን፣ የሚታደርበትን፣ የሚለበሰውን ይከራከራሉ።

«ፀሐይ ለመሞቅ ከሆነ ኦሞራቴ አለላችሁ አይደል እንዴ!» ይላል መኮንን። «ያውም ያለ ፓስፖርት።»

ጅሩ ግን አንድ ሕግ አውጥቶ ነበር። የኮልቾ ልጅ ነው፤ ኦሞን እያየ ያደገ ሰው በውኃ አይቀልድም። «ዋና የማይችል ከእኔ ጋር ባሕር አይሄድም» አለ። ፍሥሐ ደግሞ ደጋ ያደገ፣ ከገንዳ በላይ ውኃ የማያውቅ ሰው ነው። ስለዚህ መኮንን ለመንሳፈፊያ ከመነዳሪ ሰጠ፣ ጅሩ አስተማሪ ሆነ፣ ትምህርቱም ነሪ ላይ ተጀመረ።

አሁን ያ ጅሩ ጣቢያ ተቀምጧል፤ ቃሉንም ሰጥቷል። ሰኞ ከሰዓት ፍርድ ቤት ይቀርባል። ከተማው በበኩሉ ቃሉን ሳይሰማ ፈርዶ ጨርሷል። ከሦስት ዓመት በፊት ሊድያን ለትዳር የጠየቀው ጅሩ አልነበረም? እሳት ካልነደደ ጭስ የለም!

ጥሩብርሃን ወንበር ስባ ፊት ለፊቱ ተቀመጠች።

«ከመጀመሪያው ንገረኝ።»

«ሁለት ሰዓት ላይ ልንገናኝ ነበር። ርዕሰ መምህሩ ‹የውጤት ሮስተር ሳትጨርስ አትወጣም› ብለው ያዙኝ። ግማሽ ሰዓት ዘገየሁ። ስደርስ ላስቲኩ ብቻ ነው ያለው።»

«ብቻውን እንዳይገባ አልነገርከውም?»

«ነግሬዋለሁ። ግን ሐሙስ ዕለት ሳቅሁበት። ‹ውኃ የምትፈራው እንደ ዶሮ ነው› አልኩት። እሱም ሳቀ… ለዚያ ነው ብቻውን የገባው። ሊያሳየኝ።» አንገቱን ደፋ።

«ሊድያስ?»

«ሊድያ እሱን መረጠች። እኔም ብሆን እሱን ነው የምመርጥላት።»

ጥሩብርሃን ይህን አልጻፈችውም። አመነችው፤ ማመን ግን ማስረጃ አይሆንም።

ሊድያን ያገኘቻት የፍሥሐ ክፍል ውስጥ ነው፤ ሻንጣው አጠገብ መሬት ላይ ተቀምጣለች። ከጉዞው በኋላ፣ ለጥቅምት፣ ሠርግ ቆርጠው ነበር።

«ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ደወለልኝ» አለች። «‹ከመነዳሪው ተንፍሶ አደረ፤ ከጎረቤት የብስክሌት መንፊያ ተውሼ እየነፋሁት ነው› አለኝ። እያለከለከ ይስቃል። ‹እስክንደርስ ሳንባዬ ይጠነክራል› አለኝ… ከመነዳሪው ምን ነካው፣ ኢንስፔክተር?»

መኮንንም ገና ከመኪናው ሳይወርድ ያንኑ ጠየቀ። «ከመነዳሪው ምን ነካው? ዓርብ ከሰዓት እኔው ራሴ ነፍቼ በረንዳው ላይ ሰቅየዋለሁ። በምራቄ ፈትኜዋለሁ!»

«በምራቅ?»

«ሾፌር ነኝ እኮ! ቫልቩ ላይ ምራቅ ጣል ይደረጋል፤ አረፋ ካወጣ ያፈሳል። አንዲት አረፋ አላወጣም።» ግንባሩን መሪው ላይ ደፋ። «ምነው ቅዳሜም ለእኔ ባመጣው!»

እማማ አስቻለች ልብስ ሰፊ ናቸው። የስፌት መኪናቸው በረንዳው ጥግ፣ ከካርታው ሥር ቆሟል። ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ተቀምጠዋል።

«እማማ፣ ፍሥሐን በመጨረሻ መቼ አዩት?»

«ዓርብ ማታ እራቱን ሰጠሁት። ቅዳሜ ሳይነሣ ለጸሎት ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ። ስድስት ዓመት ልጄ ነበር። እናት የለችውም እኮ፤ ሲታመም የማስታምመው እኔ ነኝ።»

«የወለዱት ልጅስ አለዎት?»

«አለኝ፤ እውነቱ ይባላል። ደቡብ አፍሪካ ነው። ባለፈው ሳምንት ደውሏል።» ዓይናቸው ከመሬት አልተነሣም። «ግን ልጄ፣ ምነው ያለ ከመነዳሪው ገባ? ምን አስቸኮለው?»

ጥሩብርሃን ካርታውን እያየች ተነሣች። ከአራቱ የባሕር ከተሞች አንዱ ላይ፣ ማሊንዲ የሚለው ስም ላይ፣ ወረቀቱ በዘይት ወዝቷል፤ ጣት ደጋግሞ የዳሰሰው ይመስላል።

ከዚያ በቀጥታ የሄደችው ጎሚስታው ቶላ ዘንድ ነው። ቶላ ላስቲኩን ነፍቶ በርሜል ውኃ ውስጥ ነከረው። ከጎኑ ምንም አልወጣም። ከንፋስ መግቢያው ግን ክዳኑን አልፎ ቀስ ቀስ እያለ አረፋ መጣ።

«ከክዳኑ ሥር ያለው ቫልቭ ሁለት ዙር ላልቷል» አለ። «ክዳኑ ስላለ ለትንሽ ጊዜ ይይዛል። ሰው ሲደገፍበት ግን ንፋሱ ቶሎ ያልቃል። ይህን በወረንጦም መፍታት ይቻላል። እውነቱ በወረንጦ ነበር የሚፈታው።»

«የትኛው እውነቱ?»

ቶላ መዳፉን ሱሪው ላይ ጠረገ። «የእማማ አስቻለች ልጅ። ከእኔ በፊት ጎሚስታ እሱ ነበር፤ ሥራውን ያስተማረኝም እሱ ነው።»

«ደቡብ አፍሪካ ያለው።»

ቶላ ወደ እሷ ጠጋ አለና ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነገራት፤ ጥሩብርሃንም እስኪጨርስ አላቋረጠችውም።

እሑድ ፍሥሐ ተቀበረ። ሰኞ ጠዋት ለቀስተኛው ደጅ ድንኳን ውስጥ ሲዘምር፣ ጥሩብርሃን ሊድያን፣ መኮንንንና እማማ አስቻለችን በረንዳው ላይ አስቀመጠች። ጅሩንም ከጣቢያ አስመጣችው። መናገር አልፈለገችም። ዝም ብትል ግን ከሰዓት በኋላ ያልገደለ ሰው «ገደልኩ» ብሎ ዳኛ ፊት ይቆማል።

«ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ» አለች። «ከመነዳሪው አልተቀደደም። ቫልቩን ሰው አላልቶታል። ዓርብ መኮንን ሲፈትነው ጥብቅ ነበር።»

«ኧረ እኔን እንዳይጠረጥሩኝ!»

«አንተማ ክፉ ብታስብ ቫልቭ አትነካም። አንዲት እሾኽ ትበቃህ ነበር፤ ሰውም የመንገድ እሾኽ ነው ይላል። ደግሞ አንተ የነካኸው ሁሉ ጥቁር ግራሶ ይዞ ይቀራል። ክዳኑ ውስጥ ያገኘሁት ንጹሕ ዘይት ነው።»

ወደ ጅሩ ዞረች። «ጠዋት ላስቲኩ ተንፍሶ ተገኘ። ሊድያ በስልክ ሰምታለች። እስቲ አስቡት፤ ሰው ሊያሰምጥ የፈለገ፣ ባለቤቱ ገና ከቤት ሳይወጣ እንዲያየው አድርጎ ያስተነፍሰዋል? ይህን ያደረገ ሰው ፍሥሐ እንዲሰምጥ አልፈለገም። ጭራሽ ውኃ እንዳይገባ ነው የፈለገው። ጅሩ ያን ቢፈልግ ‹ዛሬ ዋና የለም› ማለት ይበቃው ነበር። ሊድያ ደግሞ መልሶ እየነፋው መሆኑን ታውቃለች፤ አደገኛ መሆኑን ብታውቅ ዝም አትለውም።»

ጥሩብርሃን ትንፋሽ ወሰደች።

«ሊድያና መኮንን ‹ከመነዳሪው ምን ነካው?› ብለው ነው የጠየቁኝ። አንድ ሰው ብቻ ‹ምነው ያለ ከመነዳሪው ገባ?› አለኝ። ላስቲኩ መተንፈሱን ያውቃል፤ መልሶ መነፋቱን ግን አያውቅም። እማማ፣ የስፌት መኪናዎ ዘይት ነው ክዳኑ ውስጥ ያለው። ቫልቩ አልላላ ሲልዎ ጠብ አደረጉበት። አፈታቱን ከእውነቱ አይተው ያውቃሉ።»

እማማ አስቻለች ከነገሩ ሁሉ የሰሙት አንዱን ብቻ ነበር።

«መልሶ ነፋው?»

«መልሶ ነፋው?» አሉ እንደገና፣ አሁን ወደ ሊድያ። ሊድያ እያለቀሰች በአዎንታ ራሷን ነቀነቀች። ሴትዮዋ ሁለት እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ፤ ከውስጥ የወጣው ድምፅ ደጅ ያለውን መዝሙር አስቆመው።

«ባዶውን ሲያየው ይተወዋል ብዬ ነው» አሉ ቆይተው። «ዋና ካልለመደ ጅሩ አይወስደውም፤ ጅሩ ካልወሰደው ባሕር አይሄድም ብዬ። እንዳይነፋም ብዬ አላልቼ ተውኩት። ያለ እሱ የገባ ነበር የመሰለኝ። በየቀኑ እዚህ ተቀምጣችሁ ማሊንዲ፣ ማሊንዲ እያላችሁ ትስቃላችሁ። እውነቱ ለመጨረሻ ጊዜ የደወለልኝ ከማሊንዲ ነው። ‹ነገ በጀልባ እንነሣለን› አለኝ። ቶላ ሞገዱን አይቶ ፈርቶ ተመለሰ፤ እሱ ተሳፈረ። ከዚያ ወዲህ ድምፁን አልሰማሁም፤ ዘጠኝ ዓመቱ።»

«ለምን አልነገሩንም፣ እማማ?» አለች ሊድያ። «አንድ ቀን ቢነግሩን ሁላችንም እንቀር ነበር እኮ!»

«ከተናገርኩት ይሞትብኛል።»

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይባላል። እሳቸው ሲፈሩ የኖሩት ያንን ሩቅ ባሕር ነበር፤ የሰፈራቸውን ወንዝ ማን አስቦት!

ጅሩ ተነሣ። «ኢንስፔክተር፣ ቃሌን አላነሣም። ባልዘገይ ኖሮ አወጣው ነበር። እሳቸው አይታሰሩም፤ እኔ እሆናለሁ።»

«መዘግየትን ሕግ አይቀጣውም፣ ጅሩ። ቁጭ በል።»

«አልቀመጥም!»

«ተው ልጄ» አሉ እማማ አስቻለች። ግድግዳውን ተደግፈው ቆመው ነበር። ለዘጠኝ ዓመት ከአፋቸው ያልወጣውን ነገር፣ ድምፃቸውን ሳይቀንሱ፣ ለቀስተኛው ሁሉ እየሰማ ተናገሩት። «ሁለት ልጅ ሞቶብኛል። ሦስተኛውን አላሳስርም።»

ጅሩ ያን ጊዜ እግራቸው ሥር ወድቆ አለቀሰ። መኮንን ሚኒባሱን አስነሥቶ በሩን ከፈተላቸው፤ ሊድያ ክንዳቸውን ይዛ አሳፈረቻቸው። ባታጽናናቸውም አልጠላቻቸውም። ለመጥላት የሚሆን ጉልበት አልቀራትም።

ጣቢያ ሲደርሱ ጥሩብርሃን ሌላ መርማሪ አላስገባችም። ቅጹን አወጣችና ሕጉ አስቦ የገደለንና ሳያስብ ያጠፋን እንደሚለይ ቀስ ብላ አስረዳቻቸው። እሳቸው የሚሰሟት አይመስሉም። ስም ጠየቀች፤ ዕድሜ ጠየቀች፤ ሥራ ጠየቀች፤ ሁሉንም ጻፈች።

«ከሟች ጋር ያለዎት ዝምድና?»

መልሱን ታውቀዋለች። አከራይ። ከቅዳሜ ጀምሮ በመዝገቡ ውስጥ ሁሉ የጻፈችው እሱን ነው።

«እናቱ ነኝ» አሉ።

ጥሩብርሃን ማስረጃ ያላየችበትን ቃል ጽፋ አታውቅም። «እናት» ብላ ጻፈች፤ የቀረውን ጥያቄ ለነገ አቆየችው።