ያልላሰ አይገባም

ከብዙ ዘመን በፊት በአንድ የተዘጋ በር ወዲያና ወዲህ የተባለ ነገር ነበር። ግማሹ ተረስቷል። መርማሪዋ ያን ጊዜ ልጅ ነበሩ፤ ጓዳ ተቀምጠው ሽንኩርት ይልጡ ነበር። የአክስታቸው ልጅ የታላቅ ወንድማቸውን ክፍል አንኳኳች።

«እኔም ልጫወት።»

«መጀመሪያ ጥያቄ መልሺ።»

ጥያቄው ስለ ንጉሥ ይሁን ስለ ዘንዶ አሁን ትዝ አይላቸውም። ልጅቷ መመለሷን ግን ያስታውሳሉ። ስትመልስ ሌላ ጥያቄ መጣ፤ ያንንም ስትመልስ ሌላ፤ በመጨረሻ ሳቅ። ከእርሷ በፊት የገቡትን ወንዶች ማንም ምንም አልጠየቃቸውም። ትንሿ መርማሪ እርሷም ልታንኳኳ ቢላዋውን አስቀምጣ ተነሥታ ነበር፤ ሳቁን ስትሰማ ተመልሳ ተቀመጠች።

ይህ ሁሉ ትዝ ያላቸው አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ሬሳ ወዳለበት ምድር ቤት ወርደው በሩን ሲያንኳኩ ነው።

በሩ ገርበብ አለ። አንድ ዓይንና ግማሽ ጺም ብቅ አሉ።

«ማንን ፈልገው ነው?»

«ሬሳውን።»

«እ... ሴት ስትገባ የምንጠይቀው ነገር አለ። ደንብ ነው። የሦስተኛው ጦርነት ንጉሥ የፈረሱ ስም ማን ነበር?»

መርማሪዋ ቦርሳቸውን ከአንድ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ። «ሟቹ ይህን መልሶ ነው የሞተው ወይስ ሳይመልስ?»

ዓይኑ ተርገበገበ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ ይህኛው ጓደኛው ሞቶ እንኳ አልለቀቀም ነበር። በሩ ግን ተከፈተ።

የበር ጠባቂውን «ቁልፍ» ይሉታል። ኮምፒውተር ጠጋኝ ነው። ምድር ቤቱ የአንድ ክበብ ነው፤ ክበቡ ጺም ያበቀሉ፣ አንዳንዶቹም ልጅ የወለዱ ወንዶች አውራ ጣት የሚያካክሉ ወታደሮችንና ዘንዶዎችን ቀለም እየቀቡ፣ በትልቅ ጠረጴዛ ላይ ደርድረው ዳይ የተባለ ባለ ቁጥር ጠጠር እየጣሉ የሚያዋጉበት ነው። ጨዋታው ማንንም አይጎዳም። እነርሱ ግን ጨዋታ ነው ሲባሉ ይቆጣሉ። ከበሩ በስተጀርባ ሰሌዳ ተሰቅሏል፦ «ብሩሹን ያልላሰ ሠዓሊ አይባልም»። የቀጭን ብሩሽ ጠጉር እንዲሾል ምላሳቸው ላይ ያሾሉታል፤ ስለዚህ የሁሉም ከንፈር አረንጓዴና ሰማያዊ ነው። ይህን እንደ ኒሻን ይዘውታል።

የክበቡ መሥራች «ሊቁ» ጥግ ባለች ትንሽ ጠረጴዛ ላይ በግንባሩ ተደፍቷል። ቀኝ እጁ ቀጭን ብሩሽ ጨብጧል። በግራው አንድ ፈረሰኛ ገልብጦ ይዟል፤ ከመቆሚያው ሥር አንድ ፊደል፣ አንድ ብቻ፣ በነጭ ቀለም ተጽፏል።

የፖሊስ ጣቢያው ኃላፊ ካቴናውን አውጥቶ ይጠብቅ ነበር። «ያለቀ ጉዳይ ነው፣ እትዬ። የፖሊስ ሐኪሙ ከንፈሩንም ብሩሹንም አይቷል፤ የተባይ ማጥፊያ መርዝ ነው፣ የቀለሙ ሽታ ሸፍኖታል። የሌሎቹ ብሩሾች ንጹሕ ናቸው። ብሩሹ የዚያች ሴት፣ ጠረጴዛው የእሷ፣ ሥራዋ ላቦራቶሪ። ጭራሽ ሟች የገዳዩን ስም ሲጽፍ ነው የሞተው። ፊደሉ የስሟ መጀመሪያ ነው።»

«ማን ነገረህ?»

«እነሱ።»

ሴትየዋ ግድግዳ ተደግፋ ቆማለች። ወንዶቹ ሁሉ ተቀምጠዋል። መርማሪዋ እጆቿን አዩ፤ የግራ አውራ ጣቷ ጥፍር በድርብርብ ቀለም እንደ ጥንዚዛ ክንፍ ያብለጨልጫል። ከዚያ ቁልፍን ወደ መደርደሪያው ጠሩት።

«ስሟ ማን ነው?»

«እንግዳ።»

«እናቷ ያወጣችላትን ነው የጠየቅሁህ።»

«እሱን እንኳ... እኛ እንግዳ ነው የምንላት።»

«ከመጣች ስንት ጊዜዋ ነው?»

«አምስት ዓመት ቢሆናት ነው።»

«አምስት ዓመት እንግዳ! ቤቱ ሰፊ ነው መሰለኝ። የበሩን ጥያቄስ መልሳ ታውቃለች?»

«ሁልጊዜ ትመልሳለች» አለ እየተናደደ። «ለዚህ እኮ ነው በየሳምንቱ የማከብደው።»

«ሥዕሏስ?»

«የምን ሥዕል! ብሩሽ የምትጸየፍ። ሰሌዳውን የሰቀልኩት ለሷ ብዬ ነው። ከንፈሯን አታስነካም፤ ጥፍሯ ላይ እያሽከረከረች ታሾለዋለች። ጥፍር ቀለም ልትቀባ የመጣች ነው የሚመስለው።»

«ብሩሾቹን ማን ያጥባል?»

«እኔ። ባለፈው ቅዳሜም ሰው ሁሉ ከወጣ በኋላ አጥቤ፣ ቆልፌ ሄድኩ። ዛሬ ልከፍት ስመጣ ሊቁ በራሱ ቁልፍ ቀድሞኝ ገብቶ፣ ሞቶ አገኘሁት።»

«የበሩ ቁልፍ በማን በማን እጅ ነው?»

«በአራታችን፤ በእኔ፣ በሊቁ፣ በወንድሙና በጥርስ ሐኪሙ። እንግዳ ቁልፍ አይሰጠውም።»

መርማሪዋ ራሳቸውን ነቀነቁ። ሲያዳምጡ ሰው ጸሎት ላይ ያሉ ይመስለዋል፤ አንዳንዴም ናቸው።

ቀጥሎ የጥርስ ሐኪሙ መጣ። ወፍራም፣ ቀልደኛ፣ ዛሬ ግን ቀልዱ የጠፋበት ሰው ነው።

«የእነዚህን ሁሉ ምላስ የማጸዳው እኔ ነኝ፣ መርማሪ። ንጹሕ ምላስ ያላት እሷ ብቻ ናት። ለምን አትልሺም ብንላት፣ ‹ላቦራቶሪ የሚሠራ ሰው ሥራ ላይ ያለ ዕቃ አፉ አያስገባም› አለች። ሆዳችንን ይዘን ሳቅንባት።»

«ሐኪም ሆነህ?»

«ሐኪም ሆኜ» አለና በመሐረብ ከንፈሩን ጠረገ። አረንጓዴው አልለቀቀም።

«ስሟን ታውቃለህ?»

መሐረቡን እያጣጠፈ መሬት መሬት አየ። ማፈሩ ለእርሱ መልካም ነበር።

ሦስተኛው የሟቹ ታናሽ ወንድም ነው። የችግኝ ነጋዴ፣ ሸሚዙ የተተኮሰ፣ አንደበቱ ማር። መደርደሪያው ላይ ያሉት ዋንጫዎች በሙሉ የእርሱ ናቸው፤ በየዋንጫው አጠገብም ያሸነፈው ምስል ቆሟል። መርማሪዋ ሲያዩት ብድግ ብሎ ለሴትየዋ ወንበር ሰጠ። ሳያዩት አልሰጠም ነበር።

«እትዬ፣ እኔ እህቴ ነው የምላት። እነዚህ ሲያበሽቋት ተው የምል እኔ ብቻ ነኝ።»

«ስትሥል አይተሃት ታውቃለህ?»

«አጠገቧ ቁጭ ብዬ ነዋ! ያቺን ብሩሽ ከንፈሯ ላይ አድርጋ፣ ቀስ ብላ አሹላ፣ እንደ ሕፃን ምላሷን አውጥታ... ታሳዝናለች። እጇ ያው የጀማሪ ነው፤ ግን አበረታታታለሁ።»

«ፊደሉ የስሟ መሆኑን ማን ነበር ያስተዋለው?»

«እኔ ነኝ። ወንድሜ፣ ምስኪን፣ ነፍሱ እየወጣች እንኳ ገዳዩን ሊያጋልጥ...» እንባው መጣ። በሰዓቱ መጣ።

መርማሪዋ ወደ ሴትየዋ ሄደው ጎን ለጎን ተቀመጡ።

«ልጄ፣ አውራ ጣትሽን ስጪኝ።»

ሰጠቻቸው። ጥፍሯን ከዋንጫዎቹ አጠገብ ወደ ቆመው ዘንዶ አስጠጉት። ወርቅማ ሰማያዊ፣ ከሥሩ ሐምራዊ። የዘንዶው ክንፍም ልክ እንዲሁ ነበር። የአንድ እጅ ቅልቅል ነው።

«ማን ነው እነዚህን የሣላቸው?» አሉ ዝቅ ባለ ድምፅ።

«ሊቁ፣ ‹በሴት ስም ለውድድር ብንልከው ዳኞቹ ዞር ብለው አያዩትም› አለኝ። እውነቱን ነው ብዬ ሰጠሁት። በጥጥ ጠቅልሎ ለወንድሙ ይወስድለታል፣ ዋንጫ ይዘው ይመጣሉ። ወንድምየው አንድ ቀን አጠገቤ ተቀምጦ አያውቅም።»

«አሁንስ ምን ተለወጠ?»

«ሊቁ ሰለቸው። ወይ አፈረ። ባለፈው ሳምንት፣ ‹ይህን ፈረሰኛ በገዛ ስምሽ እልከዋለሁ፣ የድሮዎቹንም እናገራለሁ› አለኝ። ፈሪ ሰው ነበር። ግን ጀምሮ ነበር።»

መርማሪዋ ሁሉንም ወደ ትልቁ ጠረጴዛ ሰበሰቧቸው። ጣቢያ ኃላፊው ካቴናውን እንደያዘ ነው።

«አይጥ በበላ ዳዋ ይመታል አሉ» ብለው ጀመሩ። «እስቲ ዳዋውን ትተን አይጡን እንፈልግ። ፊደሉን እዩት። መርዝ የጠጣ ሰው እጁ ይንቀጠቀጣል። ይህ መሥመር ግን እንደ ክር ቀጥ ያለ ነው፤ ሰውየው ደህና ሳለ የጻፈው ነው። ሊቁ ገዳይ እያጋለጠ አልነበረም። በእሷ ጠረጴዛ ተቀምጦ፣ በእሷው ብሩሽ፣ በመቆሚያው ሥር የሠዓሊዋን ስም እየጻፈ ነበር። የመጀመሪያውን ፊደል ጨረሰ፤ ለሁለተኛው ብሩሹ እንዲሾል፣ እንደ ለመደው ላሰው።»

ቁልፍ ሰሌዳውን ቀና ብሎ አየ።

«ብሩሹ ባለፈው ቅዳሜ፣ ሰው ሁሉ ከወጣ በኋላ ታጥቧል። ስለዚህ መርዙ የተቀባው ከዚያ ወዲህ፣ ዛሬ በሩ ለሌላው ሳይከፈት በፊት፣ የበሩ ቁልፍ ባለው ሰው ነው። እሷ የላትም። አምስት ዓመት ሙሉ እንዳትገባ ስትጠብቋት፣ ምስክር ሆናችሁላታል።»

የጣቢያው ኃላፊ ካቴናውን ወደ ኪሱ መለሰ።

«ገዳዩ ሊቁን ፈልጎ ቢሆን የሊቁን ብሩሽ ይቀባ ነበር። የቀባው ግን የእሷን ነው። የተፈለገችው እሷ ናት። ታዲያ ይህ ሰው አንድ ነገር አያውቅም ነበር፤ እሷ ብሩሽ እንደማትልስ። ቁልፍ ያውቃል፤ ሲሰድባት ነው የኖረው። ዶክተሩ ያውቃል፤ ስቆባታል። ስድብም ቢሆን ለመስደብ ማየትን ይጠይቃል።» ወደ ታናሽ ወንድሙ ዞሩ። «አንተ ግን እህቴ የምትላትን ሴት አንድ ቀን እንኳ አላየሃትም። ከንፈሯ ላይ ስታሾል አየሁ አልከኝ። የሌለ ነገር ነው ያየኸው።»

«ቢሆንስ?» አለ እየሳቀ። «አለማየት ወንጀል ነው?»

«አይደለም። ግን ሌሎቹ በአምስት ዓመት ያልጠየቁትን ስሟን አንተ ከየት አወቅኸው? ሊቁ ነግሮህ ነዋ፤ ‹ፈረሰኛው በእሷ ስም ይሄዳል፣ ዋንጫዎቹም የእሷ መሆናቸውን እናገራለሁ› ሲልህ። እሷ ከሞተች፣ እነዚህ በእጇ መሠራታቸውን የምታሳይ እጅ የለችም፤ ወንድምህም ላንተ ሲል አፉን ይዘጋል። የችግኝ ተባይ ማጥፊያውን ከሱቅህ አመጣህ። ጉድጓድ ስትቆፍር አታርቀው ያሉት ለዚህ ነው፤ ማን እንደሚገባበት አይታወቅም።»

«ለእሱ አልነበረም!» ድምፁ ተሰነጠቀ። «ወንድሜን... እኔ ወንድሜን... ለእሷ ነበር እንጂ!»

ያን ሰው «ለእሷ» ሲል የሰማ፣ አንዲት ነፍስ ከአንድ መደርደሪያ ዋንጫ ያነሰችበትን ሚዛን አየ። ካቴናው ከኪስ ወጣ።

ሲወስዱት ቁልፍ ጉሮሮውን ጠረገ። «በቃ እንግዲህ... ቅዳሜ ነይ። ጥያቄውንም እናቀላለን።»

ሴትየዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች። «ስሜ ማን ነው?»

ቁልፍ የፈረሰኛውን መቆሚያ ሰረቅ አድርጎ አየ። አንድ ፊደል ብቻ። ጥርስ ሐኪሙ ሰሌዳውን ነቅሎ በጉልበቱ ሰበረው፤ ማንም ግን አላጨበጨበለትም።

«ፈረሰኛውን ማስረጃ አድርገን ለፍርድ ቤት ዳኛ እናቀርበዋለን» አሏት መርማሪዋ። «ስምሽ ሳያልቅ ቀረ።»

«ይቅር። ዳኛው ሲጠይቀኝ ቀሪውን እኔው እነግረዋለሁ።»

ደረጃውን አብረው ወጡ። ሴትየዋ የቀለም ሣጥኗን አቅፋለች።

«ቅዳሜ ቤቴ ጠረጴዛ እዘረጋለሁ» አለች። «በሩ ክፍት ነው፣ ጥያቄ የለም። እርስዎም ይምጡ።»

«እኔ? በዚህ ዕድሜዬ! ምን አውቃለሁ ብዬ?»

«ማን ጠየቀዎት?»

መርማሪዋ ደረጃው ላይ ቆሙ። ያ የጓዳ ሽንኩርት ሽታ አፍንጫቸው ላይ መጣ። አውራ ጣታቸውን አነሡ፤ ጥፍሩን ገልበጥ ገልበጥ አድርገው አዩት።

«እሺ» አሉ። «እመጣለሁ።»