ሳይራገፍ ያደረ ጋሪ

አመለወርቅ የጋሪው ጎማ ላይ ያለው ቅባት እርጥብ መሆኑን ያስተዋለችው፣ ጋሪው ሳሎን ከገባ በሦስተኛው ቀን፣ ወለሉን ስትወለውል ነው። አርባ ዓመት የቆመ ብረት ማን ቀባው?

ባሏ ሚልኪያስ ግን ዓይኑን ከጋሪው አይነቅልም። ድሬዳዋ ውስጥ ከሚፈርስ የቡና መጋዘን የገዛው ነው፤ ኩሊዎች ጆንያ ይገፉበት የነበረ፣ እጀታው በላብ የጠቆረ፣ ባለ ሁለት ጎማ የእጅ ጋሪ። «አዲስ አበባ ሆቴሎች ለጌጥ ይሻሙበታል፤ ባረጀ ቁጥር ዋጋው ይጨምራል» አላት። የምር እንዲመስልም አንድ የቡና ጆንያ አሮጌ ልብስ ጠቅጥቆ ጫነበትና ፊቱን ወደ በሩ አዞረው።

በማግስቱ ከጆንያው አንድ ሹራብ ወጥቶ ሶፋ ሥር ተገኘ። ቀጥሎ ሁለት ሱሪ። ጆንያው ግን አልጎደለም። ቤቱን የሻገተ ቡናና የሰው ላብ የሚመስል ሽታ ሞላው፤ ሲነጋጋም ከአምስት ዓመቷ ልጃቸው ከናርዶስ ክፍል ደጃፍ፣ ብረት በቀስታ ሲንከባለል ለአመለወርቅ ይሰማታል።

ለሚልኪያስ ብትነግረው፣ «ናርዶስ ናታ የምትጫወትበት! አንቺ ደግሞ ከሙቀጫ ውስጥም ጅብ ታወጫለሽ» ብሎ ሳቀባት።

ጎረቤታቸው ጋሽ ሙሜ በጉብዝናቸው እዚያው መጋዘን ኩሊ ነበሩ። ከሰዓት በኋላ ብቅ ብለው ጋሪውን ሲያዩ ደጃፉ ላይ ቀሩ።

«ግቡ እንጂ፣ ጋሽ ሙሜ።»

«የለም ልጄ። እኛ ጋሪ ጭነን አናሳድርም ነበር፤ ብንሞትም አራግፈን ነው የምንሄደው። የተጫነ ጋሪ ጭነቱን ሳያደርስ አያርፍም።»

«የት ነው የሚያደርሰው?»

«አራግፊው ብቻ።»

ሲመሽ፣ ሚልኪያስ መኝታ ቤት ጋደም እንዳለ መብራት ጠፋ። ናርዶስን አስተኝታ፣ ማዕድ ቤት ሻማ ስትፈልግ ቆይታ ሳታገኝ በዳበሳ ወደ ሳሎን ተመለሰች። የጆንያውን አፍ ልትፈታ እጇን ስትሰድ ሞቀባት፤ ፀሐይ ላይ እንደ ዋለ ነገር ሳይሆን፣ እንደ ገላ። ደንግጣ እጇን ሰበሰበች። ይህ ነገር ከልጄ ጋር አንድ ጣሪያ ሥር አያድርም አለች በልቧ፤ እጀታውን በሁለት እጇ ጨብጣ ገፋችው። ከበደ። ደፉን እንደ ተሻገረ ግን መንገዱን እንደሚያውቅ ሁሉ ቀድሟት ወረደ፤ ከግቢው በር ውጪ ለቀቀችውና ወደ ኋላዋ ሳታይ ሮጣ ገባች።

በሩን ዘግታ ቁልፉን ሁለቴ አዞረችው። ለመጀመሪያ ጊዜ ደህና ትንፋሽ ስትተነፍስ፣ ሚልኪያስ ከልጅቷ ክፍል በጨለማው ተጣራ፦

«አመለ፣ ናርዶስን የት አስተኛሻት?»